ቆይ እና የሰከንድ አንድ አሥረኛ

ከእሷ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱን ያሳለፍኩት እሷን በመጠበቅ ነው። ጣቴ ቁልፉ ላይ፣ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ፣ ማሽኑ ሞቆ፣ ሰዉ ሁሉ ተዘጋጅቶ፣ ከኋላዬ ያ ለስላሳ ድምፅዋ ይመጣል፤ «ቆይ!» ይህን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ እንደሰማሁት ፈጣሪ ይወቀው። ስሟን ቆይ ያልናትም ለዚህ ነው። እሷም ሳትወደው አልቀረችም፤ በዚህ ስም ስንጠራት «አቤት» ትላለች።

የኔ ሥራ ማሽን ማንቀሳቀስ ነው። በሆስፒታላችን ምድር ቤት፣ ግድግዳው ከአንድ ሰው ቁመት በላይ በወፈረ ክፍል ውስጥ፣ ፕሮቶን የሚባሉ ዓይን የማያያቸውን ቅንጣቶች አስሩጦ ዕጢ ላይ የሚያሳርፍ ማሽን አለ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ባለችው ጠባብ መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጬ ቁልፍ እጫናለሁ። ቆይ ደግሞ ጨረሩ መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳቆመ ትለካለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። ሲሰሙት የሥራ ፈት ሥራ ይመስላል።

ድሮማ ቀላል ነበር። በተለመደው ሕክምና ታማሚው ጠረጴዛው ላይ ለደቂቃዎች ይተኛል፣ ለብዙ ቀናትም ይመላለሳል፤ ጨረሩ ትንሽ ቢዘገይ ወይ ቢቀድም ዓለም አትገለበጥም። አዲሱ ሕክምና ግን ያን ሁሉ ጨረር ሰብስቦ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ይለቀዋል። እንዲህ በፍጥነት ሲሰጥ ጤነኛው ሥጋ ብዙም ሳይጎዳ ይተርፋል የሚል ተስፋ አለ፤ ተስፋው እውነት ይሁን አይሁን ገና እየተጠና ነው። ታዲያ ከማጠሩ የተነሳ ስህተት ቢኖር የሚታረምበት ፋታ የለም። እኔ «ኧረ!» ብዬ ሳልጨርስ ሁሉም ነገር አልቋል።

ቆይ ጨረሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ፕላስቲክ ታስቀምጣለች። ጨረር ሲነካት ፕላስቲኳ ታበራለች። ብርሃኑ እንደ ክር በቀጠነ ኬብል ግድግዳውን አልፎ እኛ ክፍል ያለ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሳጥኑም ስክሪን ላይ መስመር አድርጎ ይሥለዋል። ጨረሩ ሲመጣ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከላይ እንደ ጠረጴዛ ይንጣለላል፣ ሲያልቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የጠረጴዛው ርዝመት መቶ ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አሥረኛ፣ ቆይ ራሷን ትነቀንቃለች። መቶ ሦስት ከሆነ ምን እንደምትል ነግሬአችኋለሁ።

የሚገርመው፣ ሰከንድን ለሺህ ከፍላ የምትቆጥር ሴት ከሥራ ውጪ ሰዓት የሚባል ነገር አታውቅም። የልጄ ልደት ቀን ኬኩ ተቆርጦ፣ ተበልቶ፣ ሳህኑ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ስጦታዋን ይዛ ብቅ አለች። «አረፈድኩ እንዴ?» ብላ ጠየቀች፣ ከልቧ። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የነጭ ጋውኗ ኪስ ውስጥ እስክሪብቶ፣ ትንሽዬ ካቻቢቴ እና ግማሹ የተበላ ብስኩት አይጠፋም። ስትራመድ መሬቱን የምታባብል ነው የምትመስለው። አላገባችም። አንድ ቀን ለምን ብዬ ብጠይቃት «አንዱን ቆይ አልኩት፣ አልቆየም» አለችኝና ወደ ሽቦዋ ተመለሰች። እየቀለደች ይሁን የምሯን እስካሁን አላወቅኩም።

እዚህ ሆስፒታል የተቀጠረችው በኤሌክትሪሺያንነት ነበር፤ አምፖል ለመቀየር፣ የተቃጠለ ሶኬት ለመጠገን። አንድ ጊዜ የራጅ ማሽኑ ተበላሽቶ የውጭ ባለሙያ እስኪመጣ ሁለት ወር ጠብቁ ሲባል፣ መመሪያውን ቤቷ ይዛ ሄደች። ሦስት መቶ ገጽ ነው። በዘጠኝ ቀን መልሳ አመጣችው፤ በአሥረኛው ቀን ማሽኑ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ማንም አምፖል ቀይሪ ብሏት አያውቅም። አምፖሎቹም እስከ ዛሬ ተቃጥለው ቀርተዋል።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው አዋላጇ የመጡ ጊዜ ነው። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የዚህን ከተማ ግማሽ ሕዝብ በእጃቸው የተቀበሉ። ካንሰር ይዟቸው ወደ ጭናቸው አጥንት ዘልቆ ነበር። እግራቸውን መዘርጋት ስለማይችሉ አምስት ወር ሙሉ ያደሩት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው። የተለመደውን ሕክምና ሞክረው በሁለተኛው ቀን ከጠረጴዛው ላይ እያለቀሱ ወርደዋል፤ ያን ያህል ደቂቃ በጀርባ መተኛት አልቻሉም። ማስታገሻ ወስደው ቢበዛ አምስት ደቂቃ ይታገሳሉ። ለአዲሱ ሕክምና የተመረጡት ለዚህ ነበር። የክፍላችን ሐኪም ከሕክምናው ምን እንደሚጠብቁ ስትጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ዕድሜ ጨምሩልኝ አላልኩም። አልጋዬ ላይ እግሬን ዘርግቼ ልተኛ፤ ሌላ አልፈልግም» አሉ።

የቀጠሯቸው ዕለት ጠዋት፣ እሳቸው ከመግባታቸው በፊት፣ እንደ ደንቡ ባዶ ክፍል ውስጥ ለሙከራ አንድ ጊዜ ለቀቅነው።

«ቆይ» አለች።

«ደግሞ ምን ተገኘ?»

«ጥርሱ ወልቋል።»

ስክሪኑን አየሁ። መስመሩ ከላይ ተንጣልሎ ሄዶ ሄዶ፣ መሀል ላይ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ወጥቷል። ስድስት ሚሊሰከንድ። ጨረሩ መሀል መንገድ ላይ ትንፋሽ ወስዶ የቀጠለ ይመስላል።

«የማሽኑ መዝገብ ያልተቋረጠ መቶ ነው የሚለው» አልኳት።

«ማሽኑ ስለራሱ የሚያወራውንማ እኔም አየሁት። እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ስድስት ሚሊሰከንድ እኮ ነው!»

ዞር ብላ አየችኝ። «በገዛ ፈቃዱ መሀል ላይ የሚያርፍ ማሽን፣ በገዛ ፈቃዱ አላቆምም ቢልስ?»

ሐኪሟም ሰምታ ቀጠሮውን ሰረዘች። የአዋላጇ ልጅ ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ በሩ ስታዞር እናትየው ከንፈራቸውን ነክሰው «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» ይሉ ነበር፤ እኛን ማጽናናታቸው ነው። አንጀቴን በሉት።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ቆይ እስከዚያ ኬብሉን ቀይራለች፣ ሳጥኑን ከሌላ ክፍል በተዋሰችው ተክታለች፣ የማታምነውን ሽቦ ሁሉ ነቅላ ሰክታለች። ጠዋት ሞከርነው። ጥርሱ አሁንም ወልቋል፤ እዚያው ቦታ፣ ያው ስድስት። አዋላጇ በዚህኛው ቀን «ምንም አይደል» አላሉም። ኮሪደሩ ላይ የወንበሩን ክንድ እንደ ጨበጡ እንባቸው ወረደ። መቆጣጠሪያ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁትና ደሜ ፈላ።

«አንቺ ሴት፣ ሰው እየተሠቃየ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም! ብታውቂማ ለስድስት ሚሊሰከንድ ብለሽ እንደገና ሶፋ ላይ አታስቀምጫቸውም ነበር።»

ብስኩቷን ከኪሷ አውጥታ አየችው፤ ሳትቆርስ መልሳ ከተተችው። ያን ሳይ የተናገርኩትን ወደ አፌ መልሼ ብውጠው ተመኘሁ። ይቅርታ ማለት ግን ያኔ አልሆነልኝም፤ እልኸኛ ነኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ እንደ ልማዷ አርፍዳ፣ ከታክሲ ስትወርድ አየኋት። በሁለት እጇ የታቀፈችው ትልቅ ሣጥን አገጯ ድረስ ደርሷል። ሮጬ ተቀበልኳት። የሸክላ ማጫወቻ ነው፤ ያ የጥንቱ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ።

«ጡረታ ልትወጪ ነው? ድግስ አለ?»

«ቆይ፣ አሳይሃለሁ።»

አባቷ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ካሜራቸው ሲያረጅ መክፈቻው እየሰነፈ መጣ፤ ብልጭ ብሎ መዘጋት ያለበት ትንሽ ይዘገያል፣ ስንት እንደዘገየ ግን በዓይን አይታወቅም። እናም ሸክላ ማጫወቻው ላይ ነጭ ነጥብ ይቀቡና እየዞረ ፎቶ ያነሱታል። ነጥቧ ፎቶው ላይ ተጎትታ መስመር ትሆናለች። የመስመሯን ርዝመት በማስመሪያ ለክተው ካሜራው ለምን ያህል ጊዜ እንደተከፈተ ያውቃሉ። ቆይ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተቀየረ። «አባዬ ሰዓት አልነበረውም» አለች። «ግን ጊዜን በማስመሪያ ይለካ ነበር።»

የእኛም ነገር ከዚያ አይለይም። ጨረር ሲነካው የሚጠቁር ፊልም አለን፤ እሱን በመቀስ ክብ አድርጋ ቆርጣ ማጫወቻው ላይ ለጠፈችው። ማጫወቻውን ታማሚ በሚተኛበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፤ የማሽኑን አፍ ወደ ታች አዞርኩት። ከፊልሙ በላይ ቀጭን ስንጥቅ ያላት የናስ ሳህን አቆምን፣ ጨረሩ በስንጥቋ ብቻ እንዲያልፍ። ፊልሙ እየዞረ ጨረሩ ሲያርፍበት አራት ሴንቲሜትር ያህል ጥቁር ቅስት ይሣላል። ጨረሩ እውነትም መሀል ላይ ካረፈ፣ ቅስቱ ሁለት ሚሊሜትር ከምናምን ላይ ተበጥሶ ይታያል። በዚህ ውስጥ ኬብል የለም፣ ሳጥን የለም፣ የሚዋሽ ነገር የለም።

ሐኪሟ በዚህ መሀል ገባች። ማንም በማይደፍረው ክፍል ውስጥ፣ ስንት ዓመት በተለመነ ማሽን አፍ ሥር፣ የተሰነጠቀ ሸክላ ማጫወቻ እየተሽከረከረ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መለኪያ» አለች ቆይ።

«ዘፈን ምረጪ ዶክተር» አልኳት እኔ።

ወጥተን በሩን ዘጋን። ቆይ «እሺ» አለችኝ፤ ለቀቅኩት። ተመልሰን ስንገባ ፊልሙን አንስታ ብርሃን ላይ ዘረጋችው። እኔ በትከሻዋ በኩል አየሁ። ቅስቱ ጥቁርና ሙሉ ነበር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንዲት ቅንጣት ክፍተት የለውም። በማጉያ መነጽር አየችው፤ በማስመሪያ ለካችው። አራት ሴንቲሜትር ከሁለት ሚሊሜትር። መቶ ሚሊሰከንድ።

«ደህና ነው! ጨረሩ ደህና ነው!» ብዬ አቀፍኳት። አቅፌያት ግን እንጨት ያቀፍኩ መሰለኝ። ለቀቅኳት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጨረሩ ካልተቋረጠ የተቋረጠው የኔ መለኪያ ነዋ» አለች፤ ቀስ ብላም ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ሄዳ የጠረጴዛዋን መሳቢያ ሳበች። ከውስጡ በጥንቃቄ የተጠቀለለ ለስላሳ ጨርቅ አወጣች። ጨርቁን ስትፈታው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር መስታወት አለችበት።

እንደ ፀሐይ መነጽር ማለት ነው። አዲሱ ጨረር ፕላስቲኳን ከልክ በላይ ስለሚያበራት፣ ብርሃኑ ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት በጥቁሯ መስታወት ያልፋል። መስታወቷ ከሌለች ሳጥኑ ብርሃኑ ይበዛበትና ለአፍታ ይታወራል፤ ስድስት ሚሊሰከንድ ያህል። አዋላጇ ከመምጣታቸው ቀደም ብሎ ቆይ ዕቃዋን በሙሉ፣ እንግዳ እንደሚመጣበት ቤት፣ ወልውላ ነበር። መስታወቷን ፈትታ፣ አጽድታ፣ እንዳትጫጫር ጠቅልላ አስቀመጠቻት። በራሷ እጅ የጻፈችው የማረጋገጫ ወረቀት ላይ «መስታወቱ ጸድቷል» የሚል መስመር አለ፤ በየጠዋቱ በሐቅ ምልክት አድርጋበታለች። «ወደ ቦታው ተመልሷል» የሚል መስመር ግን የለም። በተለመደው ጨረር ስንሞክረው ደግሞ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ምንም አይታወቅም ነበር። እኔ ብሆን መስታወቷን ድሮውንም አላጸዳትም ነበር፤ ስንፍናዬ ባዳነኝ።

መስታወቷን መለሰቻት። ስድስት ጊዜ ለቀቅኩት፤ ስድስቱንም ጊዜ መቶ፣ ጥርሱ ሙሉ። ያን ቀን ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገር ለአለቃችን ጻፈች፣ ለሐኪሟም ነገረቻት፣ ወረቀቱ ላይ የጎደለውን መስመር ጨመረችበት። ከዚያ «ነገ ለእማማ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እኔ እንደሆንኩ።»

«ተይ እንጂ! ማወቅ ያለበት ሁሉ አውቋል። ማሽኑ ተስተካከለ በያቸው፣ በቃ። በሕመማቸው ላይ ሌላ ነገር ምን ይሠራላቸዋል?»

«ማሽኑ አልተበላሸማ» አለች።

በማግስቱ አዋላጇ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ መስኮቱ ሥር ነበሩ፣ ልጃቸው ከጎናቸው። ቆይ ሄዳ ፊታቸው ተንበረከከች፤ ቁመቷ ከወንበሩ ጋር እኩል ሆነ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እማማ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ቤት የመለስኩዎት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ? ዶክተሯ ነበር የመሰለችኝ።»

«እኔ ነኝ። ማሽኑ ደህና ነበር። የተሳሳተው የኔ መለኪያ ነው። አንድ መስታወት አጽድቼ መመለሱን ረሳሁት። እነዚህን ቀናት የተሠቃዩት በኔ ምክንያት ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ልጅየዋ ብድግ አለች። «ምን? እናቴ ስንት ሌሊት ስታቃስት እንዳደረች ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች ቆይ። እንባዋ መጣ። «ልትነግሪኝ ትችያለሽ። እሰማለሁ።»

አዋላጇ እጃቸውን አንስተው ልጃቸውን ዝም አሰኟት። ወደ ቆይ ዞሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንዲት ልጅ ምጥ ያዘኝ ብላ መጣች። ዳሰስኳት። ገና ነው፣ ነገ ነይ አልኳት። እቤቷ ሳትደርስ መንገድ ዳር ወለደች። ልጇም ተረፈ፣ እሷም ተረፈች፤ ግን ብቻዋን ነው የወለደችው፣ እየፈራች። ቤቷ ከኔ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር። ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው ልበላት እያልኩ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ፣ እሷ ቀድማኝ ሞተች። ልጇን መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ፤ አሁን ሽበት አውጥቷል።» የቆይን ጉንጭ በመዳፋቸው ጠረጉ። «አንቺ መጣሽ። በይ ተነሺ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ጉልበትሽን ያምሻል።»

ቆይ ግን መነሳት አቃታት። ልጅየዋ ናት ክንዷን ይዛ ያነሳቻት።

«ዛሬስ ቆጠራሽ ልክ ነው?» አሏት አዋላጇ።

«ልክ ነው እማማ። ጠዋት አሥር ጊዜ አየሁት።»

«እንግዲያው አስተኙኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ስናስተኛቸው አቃሰቱ፤ እግራቸውን እስክናስተካክል አራት ደቂቃ ፈጀ፣ በአራቱም ደቂቃ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር። ወጣን፣ በሩ ተዘጋ። ቁልፉ ላይ ጣቴን አሳርፌ ቆይን አየኋት። ስክሪኑን አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከትላ ወረደች። «በል» አለችኝ።

ተጫንኩት። መስመሩ ወጣ፣ ተንጣለለ፣ ወረደ። መቶ።

«እማማ፣ አልቋል» አልኳቸው በማይክሮፎኑ።

«ምኑ?»

«ሕክምናው።»

«ሂድ ወዲያ! ቀልደኛ!» አሉኝ፤ ሐኪሟ ገብታ እስክታነሳቸው ድረስም አላመኑኝም።

ሕመሙ በዚያው ቀን አልጠፋም። ቀናት ይፈጃል፣ ላይሳካም ይችላል ብላ ሐኪሟ አስቀድማ ነግራቸዋለች። ቆይ በነዚያ ቀናት ስልክ በጮኸ ቁጥር ካቻቢቴዋን ታስቀምጣለች። እኔም በዚያ ሰሞን ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ» አለችኝ፣ ከብስኩቷም ቆርሳ ሰጠችኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ የመቆጣጠሪያው ክፍል ስልክ ጮኸ። አነሳሁት። የአዋላጇ ልጅ ናት፤ እያንሾካሾከች ነው የምታወራው።

«ግራ ገብቶኝ ነው የደወልኩት። እናቴ እስካሁን አልነቃችም።»

«ይተነፍሳሉ?»

«ኧረ ታንኮራፋለች! ትናንት ማታ እስቲ አልጋዬን ልሞክረው አለችና አልጋው ላይ ወጣች፤ እግሯን ዘርግታ ነው የተኛችው። በሕይወቴ ስታንኮራፋ ሰምቻት አላውቅም። የጠዋት መድኃኒቷ ሰዓት አልፏል፤ ልቀስቅሳት?»

ስልኩን ለቆይ ሰጠኋት። ሰማች፤ እየሰማች ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«መድኃኒቱን ዶክተሯን ጠይቄ አሁኑኑ እደውልልሻለሁ» አለች። «እስከዚያ አትቀስቅሺያቸው። መጋረጃውን ዝጊላቸው።» ከዚያ ጨመረች። «ከመዝጋትሽ በፊት ግን... ስልኩን ትንሽ ወደ እሳቸው አስጠጊልኝ።»

ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ከጆሮዋ አጠገብ አደረግኩ። በአንድ ስልክ፣ ሁለታችንም እያለቀስን፣ አዋላጇ ሲያንኮራፉ አዳመጥን።